የተቃውሞ ግጥምና መፈክር በኢትዮጵያ ባህላዊ ዜማ

አዝማሪ በማሲንቆ፣ አልቃሽ በሙሾ፣ እረኛ በእንጉርጉሮ፣ ዘማች በቀረርቶና በፉከራ ስለ ገዢ፣ ስለ ግብር፣ ስለ መሬትና ስለ ጦርነት ያሉት ሁሉ በዚህ ርዕስ ሥር ይገባል። አብዛኛው ከሁለት ስንኝ አይበልጥም። ማን እንዳለው ብዙ ጊዜ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ምን ሲደረግ እንደተባለ ነው። የጥንት መኳንንት የሕዝቡን ሆድ ለማወቅ ሲፈልጉ “እረኛ ምን አለ? አዝማሪ ምን አለ?” ብለው ያስጠይቁ ነበር። ባለቤት የሌለው ስንኝ ባለቤቱን መቀየር አይከብደውም። ዛሬ ገዢውን የሚወጋ ግጥም ነገ በአዲሱ ገዢ አፍ ይገኛል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ በእሱው ላይ ይዞራል።

ሰምና ወርቅ፣ ተቀበልና ሽሽት

የአዝማሪ ዋና መሣሪያ ማሲንቆ ነው፤ በቆዳ የተለበጠ፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ጅማት ያለው። ከተቃውሞ አንጻር ግን ከማሲንቆው ይልቅ “ተቀበል” የሚለው ቃል ይበልጣል። ከታዳሚው አንዱ ተነስቶ “ተቀበል!” ካለ በኋላ ስንኙን ይሰጣል፤ አዝማሪው በዜማ ይመልሰዋል። ጥፋተኛ ከተፈለገ አዝማሪው “የተሰጠኝን ተቀበልኩ” ይላል፣ ሰጪው “የዘፈነው እሱ ነው” ይላል። ለከሳሽ የማይመች አሠራር ነው።

ሁለተኛው መጠለያ ቅኔው ነው። “አልጋ” የመኝታ አልጋ ነው፤ ዙፋንም ነው። “ጠላ” በዋንጫ የሚቀዳ መጠጥ ነው፤ በአንድ ሰው ላይ የመረረ ልብም ነው። ኅብረ ቃሉ ሁለቱንም ትርጉም ስለሚሸከም ዘፋኙ ስለ ሠርግ ቤት እያወራ ቤተ መንግሥቱን ሊሸነቁጥ ይችላል። ወርቁን የሚያወጣው አድማጩ ስለሆነ ቁጣም ቢመጣ የጥፋቱ ግማሽ የአድማጩ ነው። ከአዝማሪዎች ማኅበረሰብ ውጭ ያለ ሰው የማይሰማው የሙያ ቋንቋ መኖሩም ተጠንቷል፤ ጥቅሙ ግን ከፖለቲካ ይልቅ በመካከላቸው ስለ ገበያቸው ለመነጋገር ይመስላል።

ጥንታዊው ዘመን

ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለነገሥታት የተዘመሩ የአማርኛ ግጥሞች ተጽፈው ቆይተዋል፤ ቀዳሚዎቹ ለዐፄ ዐምደ ጽዮን የተባሉት ናቸው። እነዚህ ውዳሴዎች እንጂ ተቃውሞ አይደሉም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክ እምነትን ካስገቡ በኋላ በተነሳው ግጭት ማብቂያ፣ በ1624 ዓ.ም.፣ “ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ” የሚለው አዋጅ እንደ መፈክር በሕዝብ አፍ ቀርቷል። በዚያው ጊዜ የውጭ ካህናቱ ሲባረሩ የተዘፈነውን የደስታ ዘፈን የአውሮፓ ጸሐፍት መዝግበውታል።

የካሣና የቴዎድሮስ ዘመን

በአዝማሪ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚተረከው ጉዳይ በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ የሆነው ነው። ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ከደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ጋር ከመግጠማቸው በፊት የጎሹ አዝማሪ ካሣን እብድ እያለ፣ “ያንዣብባል እንጂ መች ይዋጋል” እያለ በጦሩ ፊት ዘፈነ። ጎሹ በውጊያው ወደቁ፤ አዝማሪው ተማረከ። ካሣ አስቀርበው “እንዴት ብለህ ነው የሰደብከኝ?” ሲሉት፣ አፍ ሥራ ሲያጣ ወዳጁን እንደሚያማ በግጥም ተናግሮ በራሱ ላይ ፈረደ፤

“ሽመል ይገባዋል የአዝማሪ ቀልማጣ።”

ፍርዱ ተፈጸመበት፤ በሽመል ተደብድቦ ሞተ። የግጥሙ ቃላት ከተራኪ ተራኪ ይለያያሉ፤ የመጨረሻው ስንኝ ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ነው ማለት ይቻላል። አንዳንዶች ካሣ ሊምሩት ነበር፣ ግጥሙ ራሱ አስፈረደበት ይላሉ። ይህ ለካሣ ያደላ አተራረክ ይመስላል። ያም ሆነ ይህ አዝማሪው ሞቱን እንኳ ቤት አስመትቶ ነው የተቀበለው፤ ለሙያው ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ካሣ ራሳቸው ዐፄ ቴዎድሮስ ከሆኑ በኋላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጃቸውን ለእንግሊዝ ከመስጠት ሞትን ሲመርጡ ወጥቶ እስከ ዛሬ የሚባለው ሙሾ ይህ ነው፤

“መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፤
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።”

ሲሰሙት ልቅሶ ነው። ነገር ግን “ወንድ አንድ ሰው” ሲል ንጉሡን ትተው የሸሹትንና ለእንግሊዝ መንገድ የከፈቱትን ሁሉ ከወንድ ቁጥር እያወጣ ነው። ሙሾ ለሟች ይባላል እንጂ የሚሰማው ቋሚ ነው፤ አልቃሽ በለቅሶ ቤት የተናገረችውን ሌላ ሰው በአደባባይ ቢናገረው ኖሮ ይታሰር ነበር።

ከዓድዋ እስከ ወረራ

በ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ዘመቻ አዝማሪዎች ከጦሩ ጋር ዘምተዋል። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የልጅ ኢያሱ ወዳጅ ነበሩ።

ጣሊያን አገሩን በያዘበት ጊዜ ግን አዝማሪነት ራሱ ወንጀል ሆነ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ የጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ በመጋቢት ወር ወደ ሮም ባስተላለፈው ቴሌግራም፣ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና አስማተኞች ተይዘው እንዲረሸኑ ማዘዙን፣ እስከዚያው 70 ያህሉ መገደላቸውን አስታውቋል። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ከገበያ ገበያ የሚዞር ማሲንቆ ያለ ሬዲዮና ያለ ጋዜጣ የጣሊያንን አገዛዝ መውደቅ የሚተነብይ ወሬ ያዳርስ ነበር። ወራሪው ከጠመንጃ ጋር ማሲንቆ መፍራቱ ለአዝማሪው ከማንኛውም ኒሻን ይበልጣል። በ1927 ዓ.ም. የወረራው ደመና ሲያንዣብብ የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበርም በንግግር፣ በግጥምና በዘፈን ሕዝቡን ያነሳሳ ስለነበር የዚሁ ታሪክ አካል ነው። ከነጻነት በኋላ ቴአትር ቤት ሆኖ ብዙ የማሲንቆና የክራር ባለሙያዎችን ከገጠር ወደ መድረክ አምጥቷል።

“ሞኝ ነሽ ተላላ”

ከነጻነት በኋላ በአርበኛው ዘንድ የነበረው ቅሬታ በአንድ ስንኝ ተጠቃሏል፤

“ኢትዮጵያ አገሬ ሞኝ ነሽ ተላላ፤
የሞተልሽ ቀርቶ የገደለሽ በላ።”

ብዙ ሰው ይህን ግጥም በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከተሰቀሉት የጎጃሙ አርበኛ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ጋር ያያይዘዋል። ራሳቸው በመጨረሻ ሰዓታቸው ተናገሩት የሚሉ አሉ፤ ግጥሙን ያለው ስቅላቱን ያየ ሰው ነው፣ ወይም ከዚያ በፊትም ይባል ነበር የሚሉም አሉ። አርበኛው ተገፍቶ ባንዳው መሾሙን ግን የሚያስተባብል የለም። ከዚያ ወዲህ የመጣ ትውልድ ሁሉ ይህን ስንኝ በራሱ ዘመን ባለሥልጣን ላይ አዙሮታል፤ “የገደለሽ” ማን እንደሆነ ስለማይናገር ለማንም ይመቻል።

ጎጃም በዚህ ረገድ የተለየ ስፍራ አለው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅን በመቃወም ገበሬው ሸፍቶ መንግሥት ውዝፍ ግብር እስከ መማርና አገረ ገዢ እስከ መቀየር ደርሷል፤ በየደቦውና በየሠርጉ የተባለውም ከጥይቱ ያነሰ አልነበረም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል “ቢሮክራሲ” (የደርግ ዘመን የቀበሌ ሹመኛ) እና “ቀሪ ፊውዳል” (የንጉሡ ዘመን ባለመሬት ወገን) ተብለው የተፈረጁ ገበሬዎች መሬታቸው ተቀንሶባቸዋል። የምሥራቅ ጎጃም ገበሬዎች ይህን ድልድል በአጨዳ፣ በአረምና በሠርግ ግጥሞች ሲወቅሱትም ሲያወድሱትም የፎክሎር ተመራማሪዎች ሰብስበዋል። መሬት ያገኘ ሲያመሰግን፣ ያጣ ሲያንጎራጉር፣ ሁለቱ በአንድ አውድማ ላይ በአንድ ዜማ ይመላለሱ ነበር። ከካድሬው የተማሩት ባዕድ ቃልም በግጥሙ ውስጥ ቤት እየመታ ገብቷል።

መፈክር ዜማ ሲለብስ

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች “መሬት ለአራሹ” ብለው ወደ ፓርላማ ሲወጡ መፈክሩ ሳይታሰብ የአማርኛ ግጥም ምጣኔ ነበረው። የተለመደው የወል ቤት ስንኝ 12 ቀለም ሆኖ ስድስት ስድስት ይከፈላል፤ “መሬት ለአራሹ” ስድስት ቀለም ነው። “ፋኖ ተሰማራ”ም ስድስት። የኋለኛው ከሽለላ የመጣ ነው። ፋኖ በራሱ ስንቅና ትጥቅ የሚዘምት፣ በኋላም በጣሊያን ላይ ዱር የገባ ሰው ነበር። ተማሪዎቹ ግማሹን ስንኝ ከአያቶቻቸው ወስደው ሌላውን ግማሽ ከውጭ ሞሉት፤

“ፋኖ ተሰማራ፣ ፋኖ ተሰማራ፤
እንደ ሆ ቺ ሚን፣ እንደ ቼ ጉቬራ።”

ባላገሩ ሆ ቺ ሚን ማን እንደሆነ ባያውቅ አያስደንቅም፤ “ተሰማራ” የሚለውን ግን ያውቀዋል። ከ2008 ዓ.ም. የጎንደር ሰልፍ ወዲህ ፋኖ የሚለው ስም በአማራ ክልል ተመልሶ ሲመጣ የቬትናሙና የኩባው ስም ወድቆ የጥንቱ ሽለላ ቀርቷል።

ደርግ በ1966 ዓ.ም. “ኢትዮጵያ ትቅደም፣ ያለምንም ደም” ብሎ ገባ። የመጀመሪያው ግማሽ በዘፈን ቀጠለ፤ ሁለተኛው በኅዳር 1967 ዓ.ም. ስልሳዎቹ ባለሥልጣናት ሲረሸኑ ተረሳ። ከዚያ በኋላ በየቀበሌው፣ በየገበሬ ማኅበሩና በየክፍለ ጦሩ የኪነት ቡድን ተቋቋመ። ማሲንቆና ክራር “አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት” እንዲሉ ታዘዙ። የሌሊት ሰዓት እላፊ የአዝማሪን ሌሊት በላው፤ ግጥም ከመቀረጹ በፊት ለሳንሱር ይቀርብ ነበር። በበረሃም ደርግን በትጥቅ የሚወጉት ሕወሓትና ኢሕዴን የየራሳቸው የባህል ቡድን ነበራቸው፤ የትግራይን ጓይላና የዋግን የአዝማሪ ዜማ ለትግሉ አውለዋል። ቅድመ ሳንሱር በሕግ የቀረው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ነው።

በኦሮምኛ

የኦሮሞ ጌረርሳ እንደ ፉከራ የጀግና ታሪክ መናገሪያ ሆኖ ሳለ የበደል መቁጠሪያም ነው። በ1950ዎቹ ድሬዳዋ ላይ የተነሳው የአፍረን ቀሎ ቡድን፣ ዓሊ ቢራም የወጣበት፣ በኦሮምኛ መዝፈን ራሱ እንደ ፖለቲካ በሚታይበት ጊዜ ነው የሠራው። በመስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ መፈክርና ዝማሬ ተቀላቅለው ነበር፤ በተከተለው ግርግር ብዙ ሰው ሞቷል። በሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. የተገደለው ሀጫሉ ሁንዴሳ ከቀዬ መፈናቀልን በፍቅር ዘፈን መልክ ያንጎራጎረበት “ማላን ጂራ” የተቃውሞው መዝሙር ሆኖ አገልግሏል። የፍቅር ዘፈን ለብሶ መሬትን ማልቀስ በአማርኛው ሰምና ወርቅ ለኖረ ጆሮ እንግዳ አይደለም።

አዝማሪ ቤት

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሰዓት እላፊው ሲቀር በአዲስ አበባ፣ በተለይ በካዛንቺስ፣ አዝማሪ ቤቶች በዙ። “ተቀበል” የሚለው ሰው በጠላ ፈንታ ቢራ ይዟል፤ አዝማሪው ግን አሁንም በሩ አጠገብ የተቀመጠውን እንግዳ ገምቶ ነው ስንኙን የሚያጠብቀው ወይም የሚያላላው። ፖለቲካው ሲከር ወደ ፍቅርና ወደ ሙገሳ ይሸሻል፤ ሲላላ ይመለሳል። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ብዙዎቹ ቤቶች አብረው ፈርሰዋል፤ ማሲንቆዎቹ ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተበትነዋል።