የሚባለውና ያለው፦ በባሕር ዳር ስለ ልጆቻችን ትምህርት ቤት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባሕር ዳር ላይ ስለ ልጅ ትምህርት የማይወራበት ቦታ የለም። ባጃጅ ውስጥ ይወራል፣ ለቅሶ ቤት ይወራል፣ ቡና ላይ ይወራል። ትምህርት ቤት በር ላይ ልጅ ስንጠብቅማ ሌላ ወሬ የለንም። ችግሩ፣ ደጋግመን ከመስማታችን የተነሳ እውነት የመሰሉን ነገሮች በዝተዋል። የወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ስላለሁ ከሌላው ሰው በዛ አድርጌ እሰማቸዋለሁ። ብዙ ልጅ ይጎዳሉ የምላቸውን መርጬ አንድ በአንድ ልያቸው።

"የ12ኛ ክፍል ውጤት የ12ኛ ክፍል ጉዳይ ነው"

አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ሆነ። ውጤት በወጣ ቁጥር ጥፋተኛ እንፈልጋለን። የሁለተኛ ደረጃ መምህሩ፣ ፈተናው፣ የልጁ ስልክ። ስለ ስልኩ አልከራከርም።

ግን አንድ ሌላ ቁጥር አለ። የዓለም ባንክ ግምት እንደሚለው በአገራችን የ10 ዓመት ልጅ ከሆኑት 90 በመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። 10 ዓመት ማለት 4ኛ ክፍል አካባቢ ነው። በዚያ ዕድሜ ያላነበበ ልጅ ታሪኩንም፣ ሳይንሱንም፣ የሒሳብ ጥያቄውንም የሚያገኘው በጆሮው ብቻ ነው። 12ኛ ክፍል ላይ የምናየው ብዙ ዓመት ሲጠራቀም የቆየውን ነው።

"ክፍል ካለፈ ያነባል ማለት ነው"

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኛው ወላጅ የሚሸወደው እዚህ ነው።

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች፣ ከ1ኛ እስከ 3ኛ፣ በነጻ ዝውውር እንዲታለፉ ተደርጎ ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ትንሽ ልጅ ወደቅህ ተብሎ ሞራሉ ከሚሰበር፣ መምህሩ በየጊዜው እየመዘነ የደከመውን ቢደግፈው ይሻላል ነው ነገሩ። ዝውውሩ በደንብ ሠራ፤ ድጋፉ ግን ቀረ። አንድ ክፍል ውስጥ 60 ልጅ ይዞ የትኛው ፊደል እንዳልገባው በየልጁ የሚከታተል መምህር ካገኛችሁ እጁን ሳሙት።

ደረጃውም ያው ነው። "ልጄ አምስተኛ ወጣ" ብለን ዳቦ እንቆርሳለን። ከ60ው ልጅ ሃምሳው ማንበብ የማይችል ከሆነ ግን አምስተኛ መውጣት ምን ይነግረናል? ደረጃ የሚናገረው ልጁ ከጓደኞቹ አንጻር የት እንዳለ ነው። ማንበብ መቻሉን አይናገርም። በዚህ ላይ ደግሞ ኮቪድ በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶችን አዘጋ። ቀጥሎ በክልላችን ግጭቱ መጣና ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከረመ። ስለዚህ ዛሬ የልጁ ክፍል ሌላ፣ ችሎታው ሌላ ሆኖ ብታገኙት አትደንግጡ።

እንዴት ይታወቃል? ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። የፊደል ገበታ አውርዱና አስቀምጡ። 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ቋ፣ ኳ፣ ጓ የመሳሰሉት ሳይቆጠሩ። ልጁ ከ"ሀ ሁ" ጀምሮ በዜማ ይወርደዋል። ደስ ይላል፣ ግን አትቸኩሉ። ቀጥሎ ጣታችሁን ገበታው መሀል ላይ አንዱ ጋ ጣሉ፤ "ቄ" ላይ በሉት። ብዙ ልጆች ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ "ቀ፣ ቁ፣ ቂ፣ ቃ…" ብለው ይደርሱባታል። ይህ ልጅ ዜማውን ነው የያዘው። ፊደሉን ገና አልለየውም።

መጽሐፍም ላይ እንደዚያው። ክፍል ውስጥ ተማሪው በኅብረት ሲያነብ አንድ ጎበዝ ይመራል፣ ሌላው ይከተላል። ከሳምንት በኋላ ገጹ በቃል ተይዟል። ስለዚህ ያልተማረውን ገጽ ስጡት። ካነበበ በኋላ መጽሐፉን ዝጉና "ምን ይላል?" በሉት። እያንዳንዱን ቃል እየጎተተ የሚያነብ ልጅ አረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ልምምድ ማነስ ነው። መድኃኒቱም ቁጣ አይደለም። በየቀኑ ሩብ ሰዓት ያህል ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ነው። ያያችሁትን ደግሞ ለክፍል መምህሩ ንገሩት፤ ደስ ይለዋል እንጂ አይቀየምም።

"እኛ አልተማርንም፤ ምን እንረዳዋለን?"

ይህን የዘጌ ቡና አምራችም፣ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ እናትም፣ ጣና ላይ ዓሣ የሚያሰግር አባትም ሲሉት ሰምቻለሁ። በትሕትና ነው የሚሉት። ግን ልክ አይደለም።

ልጅ የሚያነበውን የሚረዳው ቃሉን ቀድሞ በጆሮው ካወቀው ነው። የቃል ሀብት ያለው ደግሞ ቤት ነው። አባት ደንገል እንዴት እንደሚታጨድ፣ እንዴት እንደሚደርቅና ታንኳ እንዴት እንደሚታሰር ለልጁ ሲነግር ቅደም ተከተልና ምክንያት እያስተማረ ነው። አምባዛንና ቆሮሶን በምን እንደሚለይ ሲያሳየው የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ነው። "እንቆቅልሽ!" "ምን አውቅልህ" የሚባለው የማታ ጨዋታ፣ ተረቱ፣ የዘመድ ታሪኩ ሁሉ ገጹን ሲያገኘው የሚያስረዳው ነው። ቅዳሜ ገበያ ላይ መልስ እንዲያሰላ ይሰጠው። ሒሳብ ከዚያ ወዲያ የት ይገኛል?

ፊደል የማይቆጥር ወላጅም ማንበብን መከታተል ይችላል። አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያዳምጥ። ልጁ ሲንተባተብና ሲፈስስለት ልዩነቱን ለመስማት ዲግሪ አያስፈልግም። "እስኪ ድገምልኝ፣ ከዚያስ ምን ሆነ?" ማለት ይበቃል። የሚያስፈልገው መብራት፣ ትንሽ ጸጥታ፣ እና ውኃ ቅዳ፣ ሱቅ ሂድ የማይባልበት ጊዜ ነው። የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል፤ እኔም ቤት እንደዚያው ነው።

"እንግሊዝኛ ቶሎ ከጀመረ ያልፍለታል"

የግል ትምህርት ቤቶች ማስታወቂያ በዚህ የተሞላ ነው። ልጁ እንግሊዝኛ ይማር፣ ማንም አይቃወምም፤ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በሁሉም ትምህርት ቤት ይሰጣል። ስህተቱ እንግሊዝኛው አማርኛውን ይተካል ማለት ላይ ነው። ማንበብ አንዴ የሚለመድ ነገር ነው። በሚያውቀው ቋንቋ ያነበበ ልጅ ያንን ችሎታ ይዞ ወደ ሁለተኛው ቋንቋ ይሄዳል። በአማርኛ ሳያነብ "ዘ ካት ሳት" የሚል ልጅ ግን ሁለቱንም ሳይዝ ይቀራል። በክልላችን በአገውኛ፣ በኽምጣና እና በኦሮምኛ የሚማሩ ልጆች መኖራቸውም ከዚሁ የመጣ ነው።

"የወላጅ ስብሰባ ማለት መዋጮ ነው"

ብዙ ሰው ጥሪው ሲደርሰው ኪሱን ነው የሚዳስሰው። ታሪክ ስላለን አይፈረድበትም። ሆኖም የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት በነጻ ነው። መዋጮ በፈቃድ ነው። መክፈል ያልቻለ ወላጅ ልጅ ከምዝገባ አይመለስም።

ወመህ፣ ማለትም የወላጅና መምህር ኅብረት፣ አሁን ተማሪም ገብቶበት ወተመህ የምንለው፣ የተቋቋመው ገንዘብ ለመሰብሰብ ብቻ አይደለም። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም አራት ዓቢይ ጉዳዮች አሉት፦ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ የትምህርት አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። ትምህርት ቤቱ በአራቱም ራሱን እየገመገመ እቅድ ያወጣል። ወላጅ በእቅዱ ላይ አፍ አለው። እኛ ግን አራተኛውን ብቻ፣ እሱንም በአጥርና በቆርቆሮ ተርጉመን ይዘነዋል።

በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳው አጥር ከሆነ አጥሩ ይወራ። ከዚያ እጅ አውጡና እነዚህን ጠይቁ። 3ኛ ክፍል ውስጥ ማንበብ ያልቻሉ ልጆች ስንት ናቸው? መጽሐፉ ልጆች እጅ ገብቷል ወይስ "ይቀደዳል" ተብሎ ስቶር ተቆልፎበታል? 1ኛ ክፍል ላይ የተመደበው መምህር ማን ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ርዕሰ መምህሩን ትንሽ ያስጨንቀዋል። በየቦታው ጠንካራው መምህር ክልላዊ ፈተና ወዳለባቸው ክፍሎች ይሄዳል፣ 1ኛ ክፍል ለአዲሱ ወይም ለደከመው ይተዋል። እኔ ብጠየቅ ግልባጩን እመርጣለሁ። ፊደል የሚያስቆጥረው ከሁሉም የጠነከረው መሆን አለበት።

"አንድ ቀን ቢቀር ምን ይሆናል?"

በሳምንት አንድ የገበያ ቀን ከቀረ የሳምንቱ አንድ አምስተኛ ሄደ። ትምህርቱ በፈረቃ፣ ማለትም ግማሽ ቀን ብቻ ከሆነ፣ ድሮውንም ጊዜው አጭር ነው። ኅዳር ላይ አዝመራ ሲሰበሰብ ደግሞ በተከታታይ ይቀራል። ሲመለስ ክፍሉ ሌላ ገጽ ላይ ነው። መቅረቱ ግድ ከሆነ ለመምህሩ አስቀድሞ መንገርና ያለፈውን ገጽ ከጓደኛው ጋር ማንበብ፣ ያ ይቻላል።

"በጎ ፈቃድ ማለት ዘመቻ ነው"

ቲሸርት ይታተማል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አጥር ይቀባል፣ ችግኝ ይተከላል። መጥፎ አይደለም። ግን በዚያው ያልቃል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ሕፃናትን ይዞ ወደ ሐይቁ የሚደረገው ዘመቻ ነው። እምቦጭ ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው በእጁ ሲነቅል እንደዋለ እናውቃለን፤ ክብር ይገባዋል። የአንደኛ ደረጃ ልጆችን እግራቸውን ነክረው እንዲነቅሉ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና ውኃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። የጤና ሠራተኞች ትምህርት ቤት ድረስ እየመጡ ፕራዚኳንቴል የሚሰጡት ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ያለውን ትል ይገድላል፤ ነገ እንዳይገባ አይከለክልም። ልጆቹ ስለ እምቦጭ ይማሩ፣ ከዳር ሆነው ይዩ፣ ይሳሉት፣ ይጻፉበት። ነቀላው ቦቲ ለለበሰ አዋቂ ይተው።

በጎ ፈቃድ ቅርጹ አንድ ብቻ አይደለም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳይቀሩ ለአዋቂ ፊደል አስቆጥረዋል። ዛሬ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ግቢም አንዱ ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። ያ ተቋም የአንደኛ ደረጃ ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን የአዋቂ ትምህርትንና የማኅበረሰብ ሥራን አብሮ እንዲይዙ አስቦ ነበር። ስለዚህ ትምህርት ቤትና ሰፈር አንድ ላይ ይሥሩ የሚለው ሐሳብ ለከተማችን አዲስ አይደለም።

አሁን በየክረምቱ ከዩኒቨርሲቲ የሚመለሱ ወጣቶች የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ። አብዛኛው ግን ለ8ኛና ለ12ኛ ክፍል ነው። ከነሱ ጥቂቶቹ ወደ 2ኛና 3ኛ ክፍል ቢወርዱስ? አንድ ወጣት፣ አራት ወይም አምስት ልጅ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንድ የንባብ መጽሐፍ። ልጆቹን የሚመርጠው የክፍል መምህሩ ይሁን፤ እንጂ የኮሚቴ አባላት ልጆች ብቻ እንዳይሆኑ። ቦታው በሩ የተከፈተ ክፍል ወይም ቤተ መጻሕፍት ይሁን፣ አንድ መምህር ግቢው ውስጥ ይኑር። ጥያቄው ለርዕሰ መምህሩ በሰኔ፣ ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋ ይቅረብ፤ ሐምሌ ላይ ቁልፍ የያዘውን ሰው መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ፕሮግራሙም ጠዋት ቢሆን ይሻላል። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ልጁ የሚያነበውን አጠገቡ ያለው ሰው እንኳ አይሰማውም።