ጨዋማ ብስኩት (ክራከር) ምንድን ነው? በውስጡ ያለውና በጤና ላይ የሚያመጣው

ክራከር ከፉርኖ ዱቄት፣ ከዘይት፣ ከጨው፣ ከእርሾና ከቤኪንግ ሶዳ ተዘጋጅቶ በስሱ የሚጋገር ደረቅ ብስኩት ነው። ስኳር ጨርሶ የለውም፣ ወይም ያለው በጣም ጥቂት ነው። ብዙ ሰው «ጣፋጭ አይደለም፣ አይከብድም» ብሎ የሚመርጠውም ለዚህ ነው። በእጅ ሲይዙት እውነትም ቀላል ነው፤ የሚሰጠው ካሎሪ ግን ቀላል አይደለም።

ምክንያቱ አሠራሩ ላይ ነው። ሊጡ ለረጅም ሰዓት ይቦካል፤ ሲኮመጥጥ ቤኪንግ ሶዳ ገብቶበት ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል፤ ከዚያ ተዳምጦና ተደራርቦ ይበሳሳል። ቀዳዳዎቹ ለጌጥ የተሠሩ አይደሉም። እንፋሎቱ መውጫ ካጣ ብስኩቱ እንደ ፊኛ ይነፋል። ምድጃው ውስጥ ውሃው ከሞላ ጎደል ተንኖ ያልቃል። ከዳቦ ክብደት ከሲሶው በላይ ውሃ ሲሆን፣ ክራከር ውስጥ የሚቀረው ከ5 በመቶ አይበልጥም። ስለዚህ 100 ግራም ዳቦ 260 ካሎሪ ገደማ ሲኖረው፣ 100 ግራም ክራከር ወደ 420 ይደርሳል።

የተለመደው ባለ አራት ማዕዘን ክራከር አንዱ 3 ግራም ያህል ይመዝናል። አምስቱ ሲበሉ ወደ 63 ካሎሪ፣ 11 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ ከ1 እስከ 1.5 ግራም ስብ፣ 1 ግራም ከምናምን ፕሮቲንና ከግማሽ ግራም ያነሰ አሰር (ፋይበር) ይገኝባቸዋል። በአንዳንድ አገሮች ዱቄቱ ላይ ብረት፣ ፎሊክ አሲድና ቢ ቫይታሚኖች ይጨመራሉ። ይሁንና ቫይታሚን ቢ1 ሶዳንም ሙቀትንም ስለማይቋቋም ከፊሉ ሲጋገር ይጠፋል።

ዋናው ጉዳይ ጨው ነው። በ100 ግራም ክራከር ውስጥ በአብዛኛው 900 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሶዲየም፣ ማለትም ከጨው የሚገኘው ንጥረ ነገር፣ ይገኛል። በምላስ የምንቀምሰው ከላይ የተነሰነሰውን ነው፤ ሊጡ ውስጥ ሌላ ጨው አለ፣ ቤኪንግ ሶዳውም ራሱ ሶዲየም አለው። ከላይ ያልተነሰነሰበትን መግዛት ሶዲየሙን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ2,000 ሚሊግራም ሶዲየም፣ ማለትም ከ5 ግራም ጨው በታች ይመክራል። አምስት ክራከር ወደ 140 ሚሊግራም ስለሚይዝ ብዙ አያሳስብም። ከማሸጊያው እያነሱ ሃያ መብላት ግን ቀላል ነው፤ ያኔ 560 ሚሊግራም ይሆናል፣ የቀኑ ድርሻ ከሩብ በላይ ገና ምግብ ሳይቀርብ አለቀ ማለት ነው። የደም ግፊት፣ የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ይህን ሒሳብ በየቀኑ ሊሠራው ይገባል።

ማሸጊያው ላይ አንዳንዱ አምራች ሶዲየም፣ ሌላው ጨው ብሎ ይጽፋል። ሶዲየሙን በ2.5 ሲያባዙት የጨው መጠን ይገኛል። በ100 ግራም ውስጥ ጨው ከ1.5 ግራም ካለፈ ብዙ ነው፣ ከ0.3 ግራም ካልበለጠ ዝቅተኛ ነው። የንጥረ ነገሮቹን ዝርዝርም ያንብቡ። «በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት ዘይት» የሚል ካዩ ይተዉት፤ ልብን የሚጎዳው ትራንስ ፋት የሚመጣው ከዚያ ነው። የፓልም ዘይት ያለበት ደግሞ ሳቹሬትድ (የሚረጋው) ስቡ ከፍ ይላል። «የስንዴ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይነግርም፣ ፉርኖ ዱቄትም ስንዴ ነውና። በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ «ሙሉ ስንዴ» መኖሩን ይመልከቱ።

ከጨው ቀጥሎ የሚታሰበው የደም ስኳር ነው። ስኳር የለውም ማለት ስኳር አያመጣም ማለት አይደለም። የፉርኖ ዱቄት ስታርች በፍጥነት ተፈጭቶ ወደ ግሉኮስ ይለወጣል፣ የሚያዘገየው አሰርም የለም። ሰባት ያህል ክራከር 15 ግራም ካርቦሃይድሬት ስለሚሰጥ፣ የስኳር ሕመምተኛ እንደማንኛውም ዳቦ ይቁጠረው። ከተቀቀለ እንቁላል፣ ከአቮካዶ ወይም ጨው ካልገባበት የለውዝ ቅቤ ጋር ቢበላ ስኳሩ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ሆድም ይይዛል። አይብ ሲታከል ግን ጨው በጨው ላይ ይሆናል። ስታርቹ ጥርስ መሐል ስለሚጣበቅ አፍን መጉመጥመጥም ያስፈልጋል።

ክራከር በእውነት የሚረዳበት ቦታ ማቅለሽለሽ ነው። ሽታው ደካማ ነው፣ ስቡ ጥቂት ነው። በእርግዝና መጀመሪያ ባዶ ሆድ ማቅለሽለሹን ስለሚያባብሰው፣ ከአልጋ ሳይነሱ ሁለት ሦስት በልቶ 15 ወይም 20 ደቂቃ መቆየት ብዙ ሴቶችን ያሳርፋል። ውሃ እንኳ ሆድ ውስጥ የማይቆይ ከሆነ ግን ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ተቅማጥ ላይም ሆድን ሳያስቸግር ይበላል፤ ነገር ግን ጨው ስላለው ብቻ ኦአርኤስን (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን የጨውና የስኳር ድብልቅ) ይተካል ብሎ ማሰብ አደገኛ ስህተት ነው። የጠፋውን ውሃና ፖታሲየም አይመልስም። ሲሊያክ (የስንዴ ፕሮቲን የሆነው ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም) ያለበት ሰው፣ ግሉተን የለውም ተብሎ ከተጻፈበት በቀር ጨርሶ አይንካው።

ለመብላት አምስት ስድስት ቆጥሮ ሳህን ላይ አውጥቶ ማሸጊያውን መዝጋት ይሻላል። ክፍት ከተተወ እርጥበት ስቦ ይልመጠመጣል፤ ይህን በ150 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ አምስት ደቂቃ ያህል ማቆየት ይመልሰዋል፣ ሳይጠቁር። የቆየ ዘይት የሚሸት ከሆነ ግን ስቡ ተበላሽቷልና የሚያድነው ሙቀት የለም፣ ይጣላል።