ቪዛ፣ ማስተርካርድ፣ አሜክስ፣ ዲስከቨር፦ ካርዳችን የሚሄድባቸው መንገዶች

እስቲ ካርድዎን አውጥተው ቁጥሩን ይመልከቱ። በ4 ከጀመረ ቪዛ ነው። በ5 ከጀመረ ማስተርካርድ ነው፤ ከ2017 ወዲህ ግን በ2 የሚጀምሩ ማስተርካርዶችም አሉ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) 34 ወይም 37 ካለ አሜሪካን ኤክስፕረስ ነው፣ ሰዉ አሜክስ የሚለው። የዲስከቨር መነሻ 6 ነው። የመጨረሻዋ አሃዝ ደግሞ ከፊቷ ያሉትን ሁሉ በሒሳብ ታጣራለች። ኢንተርኔት ላይ ሲገዙ አንድ አሃዝ ቢሳሳቱ፣ ገና ባንኩ ሳይጠየቅ «ቁጥሩ ልክ አይደለም» የሚባሉት በእሷ ምክንያት ነው።

እነዚህ አራቱ የክፍያ ኔትወርክ ይባላሉ። ፖስ ማሽኑ አልሠራም ሲል «ኔትወርክ የለም» እንደምንለው አይደለም፣ ያ የመስመር ጉዳይ ነው። የክፍያ ኔትወርክ ባንክን ከባንክ የሚያገናኝ ድርጅት ነው። ብዙ ሰው ካርዱን የሰጠው ቪዛ ይመስለዋል። ቪዛና ማስተርካርድ ግን ለእርስዎ አያበድሩም። ወለዱን የሚቆርጠው፣ የብድር ጣሪያውን የሚወስነው፣ ሲዘገይም ቅጣት የሚጥለው ባንክዎ ነው። ስለዚህ ወለዱ ሲያማርር ጥያቄው መቅረብ ያለበት ለባንኩ ነው።

አንድ ክፍያ ተከትለን እንሂድ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ያለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ከጓደኞችዎ ጋር በልተው ሒሳቡ 100 ዶላር መጣ እንበል። ካርዱን ማሽኑ ላይ ጠጋ ያደርጋሉ። ማሽኑ ጥያቄውን ወደ ምግብ ቤቱ ባንክ ይልካል። ያ ባንክ ለኔትወርኩ ያስተላልፋል። ኔትወርኩ የመጀመሪያዎቹን አሃዞች አይቶ የእርስዎ ባንክ የትኛው እንደሆነ ያውቃል፣ ወደዚያው ይልከዋል። ባንክዎ ካርዱ ጠፋ ተብሎ ተመዝግቦ እንደሆነ፣ ጣሪያው ሞልቶ እንደሆነ፣ የሚያጠራጥር ነገር እንዳለ ያያል። መልሱ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው አስተናጋጁ ማሽኑን በእጁ እንደያዘ ነው።

ገንዘቡ ግን ምግብ ቤቱ ጋ የሚደርሰው አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ነው፣ ተቆርጦለት። ለምሳሌ 97 ከ50 ሊደርሰው ይችላል። ከቀረው 2 ከ50 ላይ አብዛኛውን የሚወስደው ካርዱን የሰጠው የእርስዎ ባንክ ነው። ይህ ኢንተርቼንጅ ይባላል። ለኔትወርኩ የሚደርሰው ጥቂት ሳንቲም ነው፤ ነገር ግን ከዓለም ዙሪያ በየሰከንዱ የሚሰበሰብ ሳንቲም ነው። በካርዳችን ስንከፍል የሚጠራቀምልን፣ በአውሮፕላን ቲኬትና በመሳሰለው የሚለወጠው ነጥብና ተመላሽ ገንዘብም በብዛት የሚወጣው ከዚሁ ኢንተርቼንጅ ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ኢንተርቼንጁን በክሬዲት (በብድር በሚከፈልበት) ካርድ ላይ ከ0.3 በመቶ፣ በዴቢት (ከራስ ሒሳብ በሚቆረጠው) ላይ ከ0.2 በመቶ እንዳያልፍ በሕግ ገደበው። አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን እንደ አሜሪካዎቹ ነጥብ የማይንበሸበሹት በዋናነት ለዚህ ነው። እኔ የአውሮፓው ይሻላል ባይ ነኝ። በጠባብ ትርፍ የምትሠራ ባለ ሱቅ የእኛን የአውሮፕላን ቲኬት መክፈል የለባትም።

የቪዛ ታሪክ የተጀመረው በ1958 በካሊፎርኒያ፣ ፍሬዝኖ ከተማ ነው። ባንክ ኦፍ አሜሪካ ለ60,000 ያህል ሰዎች ማንም ሳይጠይቀው ካርድ በፖስታ ላከ። መጀመሪያ ላይ ኪሳራው ከባድ ነበር፤ ካርድ ይሰረቃል፣ ያልከፈለውም ከተገመተው በላይ ሆነ። ያልተጠየቀ ክሬዲት ካርድ መላክ በ1970 በሕግ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ዲ ሆክ የሚባል የባንክ ሰው ካርዱ ከአንድ ባንክ እጅ ወጥቶ የአባል ባንኮች የጋራ እንዲሆን አደረገ። በ1976 ቪዛ ተባለ። ስሙ የተመረጠው በየትኛውም ቋንቋ በቀላሉ ስለሚጠራ ነው። ተፎካካሪ ባንኮች ደግሞ በ1966 ተሰባስበው በኋላ ማስተርካርድ የሆነውን መሥርተው ነበር። ማስተርካርድ በ2006፣ ቪዛ በ2008 አክሲዮናቸውን ለገበያ አቀረቡ።

ታዲያ በሁለቱ መካከል ልዩነቱ ምንድን ነው? ለተጠቃሚው ከሞላ ጎደል የለም። አንዱን የሚቀበል ሱቅ ሌላውንም ይቀበላል። ኮስትኮ የተባለው የአሜሪካ የመደብር ኩባንያ ግን ለየት ይላል፤ ከ2016 ጀምሮ በመደብሮቹ ውስጥ ከክሬዲት ካርዶች ቪዛን ብቻ ነው የሚቀበለው። ማስተርካርድ ብቻ ይዞ ጋሪውን ሞልቶ ካሸር ጋ የደረሰ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል።

አሜክስ ሌላ ዓይነት ነው። በ1850 ዕቃና ፖስታ በማመላለስ ጀመረ፤ ካርዱን ያወጣው በ1958 ነው። መንገዱም ባንኩም ራሱ መሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ካርዱን ይሰጣል፣ ያበድራል፣ ከነጋዴው ጋርም ይዋዋላል። ከነጋዴው የሚቆርጠው ለረጅም ጊዜ ከሌሎቹ ከፍ ያለ ስለነበር ትንንሽ ሱቆች ሸሽተውት ቆይተዋል፤ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ይህ በጣም ቀንሷል። ቁጥሩ 15 አሃዝ ነው፣ የደኅንነት ኮዱም አራት አሃዝ ሆኖ ከፊት ለፊት ይገኛል።

ዲስከቨርን ሲርስ የተባለው የመደብር ኩባንያ በ1985 አወጣው። ዓመታዊ ክፍያ አልነበረውም፣ ከወጪው ላይም ጥቂት ይመልስ ነበር። በ2008 ዳይነርስ ክለብ ኢንተርናሽናል የተባለውን ሌላ የካርድ ኔትወርክ ገዛ፤ በ2025 ደግሞ እሱ ራሱ ካፒታል ዋን በተባለ የአሜሪካ ባንክ ተገዛ። ከአሜሪካ ውጪ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በሌሎች ኔትወርኮች ላይ ተደግፎ ነው።

ኔትወርክ የፖለቲካ ጉዳይም ነው። በመጋቢት 2022 ቪዛ፣ ማስተርካርድና አሜክስ በሩሲያ ሥራ አቆሙ። ሩሲያ ሚር የተባለ የራሷን ኔትወርክ አስቀድማ ዘርግታ ስለነበር የአገር ውስጥ ክፍያው አልተቋረጠም። ቻይና ዩኒየንፔይ፣ ሕንድም ሩፔይ አላት። በእኛም አገር ባንኮቹ በጋራ ያቋቋሙት ኢትስዊች አለ። የአንዱን ባንክ ካርድ በሌላው ኤቲኤም መጠቀም ያስቻለን እሱ ነው።

ከውጭ ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ቪዛ ወይም ማስተርካርድ መያዝ ይሻላል፤ የሚቀበለው ኤቲኤም ይበዛል። ማሽኑ «በዶላር ይቆረጥ ወይስ በብር?» ካለዎት ብርን ይምረጡ። ዶላርን ከመረጡ ምንዛሪውን የሚተምነው ከማሽኑ ጀርባ ያለው ድርጅት ነው፣ ብዙ ጊዜም የራሱን ትርፍ ይጨምርበታል።