ፕሮግረሲቭ እና ኦልተርኔቲቭ ሮክ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፕሮግረሲቭ ሮክ በ1960ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ አገር ተወልዶ በ1970ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ጎለመሰ። ኦልተርኔቲቭ የሚባለው ከእርሱ አሥር ዓመት ያህል ዘግይቶ መጣ። ሁለቱም ከድምፃቸው ይልቅ ስማቸው ቀድሞ የሚደርስ ሙዚቃዎች ስለሆኑ፣ ሙዚቃውን ሳይሰሙ ስለ እነርሱ ብዙ የሰሙ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ደጋግመው የሚነሱትን ስሕተቶች አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ተራማጅ ሙዚቃ ከተባለ የፖለቲካ ሙዚቃ ነው»

ይህ ስሕተት በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ የጠናው በቃሉ ምክንያት ነው። «ፕሮግረሲቭ» ወደ ቋንቋችን የገባው «ተራማጅ» ተብሎ፣ ከተማሪዎች ንቅናቄ ጋር ነው፤ ሲነሳ መፈክርና በራሪ ወረቀት ትዝ ይላል። በሙዚቃው ስም ውስጥ ግን መራመድ የተባለው የቅርጽ ጉዳይ ነው። ስንኝ፣ አዝማች፣ ስንኝ፣ አዝማች እያለ ከሚመላለሰው የዘፈን አሠራር ወጥቶ፣ ከክላሲካልና ከጃዝ የተማሩትን ረጅም ቅንብር በሮክ መሣሪያዎች መሥራት ማለት ነው። ኪንግ ክሪምሰን የተባለው የእንግሊዝ ባንድ የመጀመሪያ አልበም ኦክቶበር 10 ቀን 1969 ሲወጣ በሁለቱም ገጽ ላይ የነበሩት ሥራዎች አምስት ብቻ ናቸው። ያ አልበም ነው ለብዙ ሰው የመነሻ ነጥብ የሆነው።

ፖለቲካ የያዙ ባንዶች አልነበሩም ማለት ግን አይደለም። በ1968 ካምብሪጅ ውስጥ የተመሠረተው ሄንሪ ካው የተባለ ባንድ፣ ማርች 12 ቀን 1978 ከጣሊያን፣ ከስዊድን፣ ከቤልጂየምና ከፈረንሳይ አራት ባንዶችን ለንደን ላይ ጠርቶ «ሮክ ኢን ኦፖዚሽን» የተባለውን ዝግጅት አቀረበ። ከስሙ እንደሚታየው የተቃውሞ መድረክ ነው። ተቃውሞው ግን በመጀመሪያ ያነጣጠረው እንዲህ ያለውን ሙዚቃ ለማሳተም ፈቃደኛ ባልነበሩት የሸክላ ኩባንያዎች ላይ ነበር።

«ሃያ ደቂቃ ያልፈጀ ፕሮግረሲቭ አይባልም»

ጄንትል ጃየንት የተባለው ባንድ በ1972 ያወጣው አንድ አልበም ስምንት ሥራዎች ይዞ ርዝመቱ 34 ደቂቃ ገደማ ነው። በአማካይ አራት ደቂቃ ከትንሽ ማለት ነው። በእነዚያ አራት ደቂቃዎች ውስጥ ግን አንዱ ድምፃዊ የጀመረውን ሐረግ ሁለተኛው ከመሀል ይነጥቀዋል፣ ሦስተኛው ደግሞ በሌላ ቃና ይመልሰዋል። ከዚህ የጠበቀ ቅንብር በሮክ ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። ርዝመት መለኪያ አይደለም።

ሃያ ደቂቃ የሚለው ቁጥር ታዲያ ከየት መጣ? ከሸክላው። በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ የሚዞረው ትልቁ ሸክላ በአንድ ገጹ ድምፁ ሳይጎዳ የሚይዘው ከ18 እስከ 22 ደቂቃ ያህል ነው። ቤዝና ከበሮ ጠንከር ሲሉ መርፌው የሚሄድበት ቦይ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ለመወዛወዝ ደግሞ ቦታ ያስፈልገዋል። ደቂቃ በተጨመረ ቁጥር ቦዮቹ ይጠጋጋሉ፣ እንዳይነካኩም ድምፁ ዝቅ ተደርጎ ይቀረጻል፣ ድምፁ ዝቅ ሲል የሸክላው የራሱ ሽሽታ ከሙዚቃው እኩል ይሰማል። ስለዚህ የስ የተባለው ባንድ በ1972 ያወጣው ረጅም ሥራ 18 ደቂቃ ከግማሽ አልፎ የቆመው ሐሳብ ስላለቀ ብቻ አይደለም፤ ገጹም እያለቀ ነበር። ጄትሮ ታል የተባለው ሌላ ባንድ በዚያው ዓመት አንድ ሥራ በሁለቱም ገጽ ሲዘረጋ መሀል ላይ ሸክላውን ለመገልበጥ ማቋረጥ የግድ ሆኗል።

ሸክላ ለሚሰበስቡ ሰዎች አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። መሽከርከሪያው ሁልጊዜ በእኩል ፍጥነት ቢዞርም፣ ዳር ላይ መርፌው ሥር በሰከንድ 51 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦይ ሲያልፍ፣ መሀል አጠገብ ሲደርስ ግን ወደ 21 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ያው ድምፅ ከግማሽ ባነሰ ቦታ ላይ ተጨናንቆ ተቀርጿል ማለት ነው። የረጅም ሥራ ታላቁ ማብቂያ፣ ኦርጋኑም ከበሮውም ዘፋኙም በአንድ ላይ የሚነሱበት ቦታ፣ የሚያርፈው ደግሞ እዚያው መሀል ላይ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ሸክላ ስትገዙ መጀመሪያውን ሳይሆን የገጹን የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ አስጀምራችሁ ስሙ። ድምፁ ከተሰነጠቀ ሸክላውን ከመውቀሳችሁ በፊት መርፌው ሸክላው ላይ የሚያርፍበትን ክብደት ለኩ፤ ለአብዛኞቹ የተለመዱ መርፌዎች ከ1.5 እስከ 2 ግራም ነው። «ሸክላውን እንዳይጎዳ» ብሎ ከተባለው በታች ማቅለል ተቃራኒውን ያመጣል፦ መርፌው ቦዩ ውስጥ እየዘለለ ግድግዳውን ይቦጭቀዋል።

«ሁሉም በእንግዳ ምት ነው የሚጫወተው፣ ሊቆጠር አይችልም»

የመጀመሪያው ግማሽ ስሕተት ነው። ከፒንክ ፍሎይድ ሥራዎች ብዙዎቹ በቀጥተኛ አራት ምት የሚሄዱ ናቸው። ኖይ! የተባለው የጀርመን ባንድ በ1972 አልበሙን ሲከፍት ድራመሩ ክላውስ ዲንገር አሥር ደቂቃ ያህል አንዲት አራት ምት ሳይለቅ ይዘልቃል፤ አዲስነቱም ያ አለመለወጡ ነው።

ሁለተኛው ግማሽ ደግሞ ዘዴ በማጣት የመጣ ነው። የፒንክ ፍሎይድን «መኒ» የተባለ ዘፈን ውሰዱ። የሳንቲም፣ የተቀደደ ወረቀትና የሒሳብ መኪና ድምፆች በድምፅ መቅጃ ክር ላይ ተቀድተው፣ ክሩ በማስመሪያ እየተለካ እኩል እኩል ተቆርጦ ተቀጥሏል፤ ሰባት ድምፅ፣ ሰባት ምት። እግራችሁን ሁለት ሁለት እያላችሁ ከመታችሁ በመጀመሪያው ዙር እግራችሁ «አንድ» ላይ ያርፋል፣ በሚቀጥለው ዙር «ሁለት» ላይ፤ ሰባት ጎዶሎ ስለሆነ ተመልሳችሁ «አንድ» ላይ የምትገናኙት ከ14 ምት በኋላ ነው። ግራ የሚያጋባው ይኸው ነው። እግራችሁን አቁሙና «አንድ» ላይ ብቻ አጨብጭቡ። ቀሪውን በአፋችሁ ቁጠሩ፦ አንድ ሁለት ሦስት አራት፣ አንድ ሁለት ሦስት። አራት ወይም አምስት ዙር ስትሄዱ ቤዙ ራሱ ይመራችኋል። ሳክስፎኑ የሚጫወተው በዚሁ ሰባት ላይ ነው፤ ጊታሩ ሲገባ ግን ባንዱ ወደ አራት ይለወጣል። የጊታሩ ክፍል ድንገት እንደተፈታ ገመድ የሚሮጠው ለዚህ ነው።

ጆሯችን በችክችካ ያደገ ሰዎች እዚህ ላይ የራሳችን እንቅፋት አለን። ችክችካ አብዛኛውን ጊዜ በ6/8 የሚጻፍ ነው፤ ስድስት ደግሞ ለሁለትም ለሦስትም ስለሚከፈል ትከሻው እንዴትም ቢሄድ አብሮ ይደርሳል። ሰባት ላይ ያው ትከሻ አንዲት ምት ይተርፈዋል። ያቺን የተረፈችውን ምት ጠብቁ እንጂ አትሽሿት። ለመለማመጃ የፒተር ጌብሪኤል የ1977 «ሶልስበሪ ሂል» ይመቻል፦ ከአዝማቹ መጨረሻ ጥቂት ቦታ በቀር ሰባት ነው፣ ግን በእንግሊዝ ሬዲዮ ሁሉ ይሰማ ነበር፤ ማንም ሰው ከባድ ነው አላለም።

«ያ የቫዮሊን ድምፅ ሲንተሳይዘር ነው»

አይደለም። በጊዜው አልበሞች ላይ እንደ ጭጋግ የሚነሳው ቫዮሊንና መዘምራን ከሜሎትሮን የሚወጣ ነው፤ ሜሎትሮን ደግሞ የካሴት ክር የሚያጫውት ኪቦርድ ነው። ከካሊፎርኒያ የመጣ አንድ ሻጭ የአሜሪካዊውን የሃሪ ቼምበርሊንን መሣሪያ ይዞ በርሚንግሃም ገባ፣ እዚያ ያሉ ባለሙያዎችም በ1963 የራሳቸውን አወጡ። በብዛት የተሠራው ኤም 400 የሚባለው ሞዴል 35 ቁልፎች አሉት። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የራሱ ክር ተዘርግቷል፤ በክሩ ላይ ጎን ለጎን ሦስት ድምፆች ተቀድተዋል፣ ለምሳሌ ዋሽንት፣ ቫዮሊንና ቼሎ። ቁልፉን ስትጫኑ ክሩ ከሚሽከረከር ዘንግ ጋር ይጣበቅና በማንበቢያው ራስ ላይ ይጎተታል። ስትለቁት ስፕሪንግ ወደ መነሻው ይመልሰዋል።

ክሩ የሚበቃው ለስምንት ሰከንድ ያህል ነው። ከዚያ ድምፁ ይቋረጣል። ስለዚህ ተጫዋቹ አንድ ኮርድ (በአንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆች) ይዞ መቆየት ከፈለገ ጣቶቹን እየተፈራረቀ ማንሳትና መመለስ አለበት፤ በጥሞና ከሰማችሁ ኮርዱ ውስጥ አንዱ ድምፅ ቀርቶ እንደገና ሲነሳ ይታወቃችኋል። ሌላም መለያ አለ። ብዙ ቁልፍ በአንድ ጊዜ ሲያዝ ሞተሩ ይከብደውና ድምፁ ሁሉ በጥቂቱ ይወርዳል፣ ያቺ የምታለቅስ የምትመስል መንቀጥቀጥ የምትመጣውም ከዚህ ነው። ሙቀትና እርጥበት ባለበት መድረክ ላይ ክሩ ይንሸራተታል ወይም ይጠላለፋል። ሲንተሳይዘር ድምፁን ከኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ሜሎትሮን ግን አንድ ቀን ስቱዲዮ ውስጥ የተነፋን እውነተኛ ዋሽንት ነው መልሶ የሚያሰማችሁ፤ ትንፋሹ ሳይቀር አለበት። ይህን ካወቁ በኋላ የኪንግ ክሪምሰንን የመጀመሪያ አልበም እንደገና መስማት ያስደስታል።

«ፓንክ መጣና ፕሮግረሲቭን ገደለው»

ፓንክ አጭር፣ ፈጣንና ሻካራ የሆነ የሮክ ዓይነት ነው። ቀኖቹን እናስተያይ። ፒንክ ፍሎይድ እንደሚጠላ በካናቴራው ላይ ጽፎ የታየው ጆኒ ሮተን የሚዘፍንበት የፓንክ ባንድ ሴክስ ፒስቶልስ የመጀመሪያ ሸክላውን ያወጣው በኖቬምበር 1976 ነው። ኪንግ ክሪምሰን የፈረሰው በ1974 ነው። ድምፃዊው ፒተር ጌብሪኤል ጀነሲስ ከተባለው ፕሮግረሲቭ ባንድ የወጣው በ1975 ነው። ቤቱ መንቀጥቀጥ የጀመረው ከውስጥ ነበር፤ ወጪውም አንዱ ምክንያት ነው። ኤመርሰን፣ ሌክ ኤንድ ፓልመር የተባለው ባንድ በ1977 ወደ 70 የሚጠጉ የኦርኬስትራ ሙዚቀኞች ይዞ አሜሪካ ውስጥ ጉዞ ጀመረ፣ ከጥቂት ዝግጅቶች በኋላ ግን ወጪውን መቻል ስላቃተው ኦርኬስትራውን አሰናበተ።

«ተገደለ» በተባለበት በዚያው 1977 የየስ አልበም በእንግሊዝ አንደኛ ሆኗል። ማሪሊዮን የተባለው ሌላ ፕሮግረሲቭ ባንድ በ1985 ሌላ አንደኛ አግኝቷል። ሮተን ራሱ በጁላይ 1977 ለንደን ውስጥ ካፒታል ሬዲዮ ላይ የሚወዳቸውን ሸክላዎች እንዲያሰማ ተጋብዞ ከመረጣቸው መካከል የፒተር ሃሚል ሥራዎች ነበሩ። ሃሚል የቫን ደር ግራፍ ጄነሬተር ድምፃዊ ነው፤ ከዚያ የበለጠ ፕሮግረሲቭ ባንድ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ሁለቱን ሙዚቃዎች ጠላት ያደረጋቸው ከሙዚቀኞቹ ይልቅ የጊዜው ጋዜጦች ናቸው።

«ኦልተርኔቲቭ ማለት የተበላሸ ጊታርና የሚጮህ ዘፋኝ ነው»

ቃሉ መጀመሪያ የሚያመለክተው ሸክላው በማን እጅ ወደ ሱቅ እንደሚደርስ ነበር። በጃንዋሪ 1980 እንግሊዝ ውስጥ የነጻ አሳታሚዎች የሽያጭ ሰንጠረዥ ሲጀመር መስፈርቱ ድምፅ አልነበረም፤ ሸክላው ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ውጪ መከፋፈሉ ብቻ ነበር። ስለዚህ ነው በ1988 የፖፕ ዘፋኟ የካይሊ ሚኖግ የዳንስ ዘፈን በዚያ ሰንጠረዥ አናት ላይ የወጣው። አሳታሚዋ ነጻ ነበር፣ ደንቡም ይፈቅድላት ነበር። ተቃራኒውም አለ፦ በ1991 ኦልተርኔቲቭን በዓለም ያሳወቀው የአሜሪካው ባንድ የኒርቫና አልበም የወጣው በትልቅ ኩባንያ ነው። ከእርሱ በፊት በ1989 ያወጡትን የመጀመሪያ አልበማቸውን ግን አነስተኛ የሲያትል አሳታሚ ጋር በ606 ዶላር ከ17 ሳንቲም ነበር የቀረጹት። ሁለቱን አከታትላችሁ ብትሰሙ ገንዘቡ የት እንደገባ ከበሮው ላይ ይሰማችኋል።

«በዘፈኖቹ መሀል ቁርጥ የሚለው ቅጂው ስለተበላሸ ነው»

እርስ በርሱ የሚፈስ አልበም ኤምፒ3 ሲሆን መሀሉ ይቆረጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኤምፒ3 ድምፁን 1152 ናሙና በያዘ ክፍል ይከፋፍለዋል፣ ይህም 26 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፤ ዘፈኑ በክፍሉ ልክ ካላለቀ ቀሪው በዝምታ ይሞላል። መፍትሔው ፍላክ የተባለውን፣ ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት መጠቀም ነው። ያለበለዚያ ያለ ክፍተት ማጫወት የሚችል ማጫወቻ ምረጡ፣ የአንዱን ዘፈን መጨረሻ ከሚቀጥለው መጀመሪያ ጋር የሚያደባልቀውን ማስተካከያ ዜሮ አድርጉት፣ የዘፈኖቹን ቅደም ተከተልም አትቀይሩ።

«ከእኛ ሙዚቃ ጋር አይገናኝም»

ዘ ኤክስ በ1979 በሆላንድ በፓንክነት የጀመረ፣ ሸክላውን ራሱ የሚያሳትም ባንድ ነው። በ2006 ከአንጋፋው ሳክስፎን ተጫዋች ከጌታቸው መኩሪያ ጋር «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም አወጣ። ጌታቸው በማዘጋጃ ቤት ባንድ ያደገ፣ ሽለላን ከሰው ጉሮሮ ወደ ሳክስፎን ያዛወረ ሰው ነው። ሽለላ ደግሞ ቋሚ ምት የለውም። ሸላዩ ትንፋሹ እስከፈቀደለት ድረስ ይጎትተዋል፣ ባሰኘው ቦታ ይሰብረዋል፣ ተመልሶ ይወረውረዋል። የኤክስ ጊታሮች ሳክስፎኑን በተለመደ ኮርድ ከማጀብ ይልቅ ሻካራና ደረቅ አድርገው ከሥሩ ይነጠፋሉ፤ ጌታቸው ሲያነሳ ይነሳሉ፣ ሲያሳርፍ ያርፋሉ። ስትሰሙት ሰባትም ስድስትም አትቁጠሩ። ሳክስፎኑ አየር የሚስብበትን ቅጽበት ጠብቁ፤ ባንዱ የሚገባው እዚያ ላይ ነው።