ግቢያችን ለምን እንደ ጎረቤት ግቢ አልሆነም? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የምንኖረው ደሴ ነው፤ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ዳገቱ ላይ። ከላያችን ያለው ግቢ ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ነው። ከጎናችን ያለው ታይልስ ተነጥፎበታል፣ ጽጌረዳውም በመስመር ተተክሏል። መሀል ላይ የኛ አለ። ሳር፣ ሁለት የኮክ ዛፍ፣ ጤና አዳም፣ አባቴ አንድ ክፍል ልጨምር ብሎ ያስመጣው የድንጋይ ክምር፣ የወንድሜ ልጆች ብይ እየተጫወቱ የቦረቦሩት አፈር። እንግዳ ሲመጣ እናቴ ገና ከበሩ «ግቢውን እንዳታዩብኝ» ትላለች። ይህን ስትል ስሰማ ሆዴ ይባባል። ስለ እንዲህ ዓይነት ግቢ ሲባል የሰማሁትን፣ አንዳንዱንም ራሴ አምኜው የኖርኩትን፣ እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

«ግቢ የሚበላሸው በስንፍና ነው»

ከሁሉም የሚጎዳው ይህ ነው። ግቢ ጊዜ፣ ጉልበትና ገንዘብ ይፈልጋል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሰው መጀመሪያ የሚተወው ደጁን ነው፤ ጓዳውን አይተውም። እናቴ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ጎንበስ ብላ መኮትኮት አትችልም። አባቴ ድንጋዩን ባስመጣ በዓመቱ አረፈ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከተማዋን ለቀን ወጣን። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ የጠበቀን የተሰበረ በርና የተገነጠለ የአጥር ቆርቆሮ ነበር። የነበረችን ብር በሩ ላይ፣ ቀጥሎ ጣሪያው ላይ አለቀች። የሳሩ ተራ ገና አልደረሰም። ደሴ ውስጥ የአንዱን ግቢ አይቶ «ሰነፎች ናቸው» ከማለት በፊት ቤቱ ምን እንዳለፈበት መጠየቅ ይሻላል።

«ሳር ያለበት ግቢ ወባ ያመጣል»

የወባ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው የቆመ ውሃ ላይ ነው። እጩ የሚያድገውም ውሃው ውስጥ ነው። ትንኝ ቀን ቀን ሳር ውስጥ ጥላ ፈልጋ ልታርፍ ትችላለች እንጂ ሳር ላይ አትራባም። ደሴ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ብርዱ ለወባ አይመችም። በአገራችን ወባ በብዛት የሚታወቀው ከ2,000 ሜትር በታች ነው።

ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ከፍታው 1,850 ሜትር አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ ግቢዋ ተወልውሎ ነው የሚውለው፣ አንዲት ሳር አታገኙበትም። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ግን ክዳን የሌለው በርሜል ነበራት፤ ውሃ ሲመጣ የምትሞላው። አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ ሳይ እጮቹ ከላይ እስከ ታች ይርመሰመሱ ነበር። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው የወባ ትንኝ በተለይ እንዲህ ባሉ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ነው የምትራባው። ማጭድ ከማንሳታችን በፊት በርሜሉን እንክደን። አሮጌ ጎማና ቆርቆሮም ካለ ውሃ እንዳይዝ እንድፋው።

«ሲሚንቶ ይደረግና ይገላግለን»

ብዙ ሰው መፍትሔው ይህ ይመስለዋል። ጭቃ የለም፣ አረም የለም፣ ጠዋት ጠረግ ጠረግ አድርጎ መግባት ነው። ሜዳ ላይ ላለ ከተማ ይሆን ይሆናል። ደሴ ግን ዳገት ናት። የአንዱ ግቢ ውሃ ማረፊያው የሌላው በር ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። በሐምሌ አንድ ቀን ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ 100 ካሬ ሜትር ግቢ ላይ የሚወርደው 3,000 ሊትር ነው። በ200 ሊትሩ በርሜል 15 በርሜል ማለት ነው። ሲሚንቶ ስለማይጠጣ ይህን ሁሉ ወደ ታች ይለቀዋል። አፈርና ሳር ከፊሉን ይጠጡታል፣ የቀረውንም ሩጫውን ያበርዱታል።

ይህን ስል ግን የኛ ግቢ ማንንም አልበደለም ማለቴ አይደለም። አንድ ነሐሴ፣ ከታች ያሉት ጎረቤታችን ሐጂ በራችንን አንኳኩ። ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው በጭቃ ተለውሷል። «ልጄ፣ ውሃችሁ ወጥ ቤት ገባብን» አሉኝ፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። አብሬያቸው ወረድኩ። ድፍርሱ ውሃ ምድጃው ሥር ቆሟል። የኮክ ቅጠል ተንሳፎበታል። በዚያ ሰፈር ኮክ ያለው እኛ ግቢ ብቻ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በማግስቱ ዶማና አካፋ ይዘን ከግቢው የላይኛ ጥግ እስከ መንገዱ ድረስ ቦይ ቀደድን። የሐጂ ልጅም ወጥቶ አብሮን ሲቆፍር ዋለ። በሳራችን አፍሬ አላውቅም ማለት አልችልም፤ የዚያን ቀን ግን በእውነት የሚያሳፍረው የትኛው እንደሆነ ለየሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ደሴ የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋት ከተማ ናት። ስለዚህ ውሃው ሁሉ እዚያው ግቢ ይስረግ ማለትም ልክ አይሆንም። በተለይ ከድጋፍ ግንብ ጀርባ የሚጠራቀም ውሃ አፈሩን ያከብደዋል፣ ግንቡንም ይገፋዋል። ግንበኞች ከግንቡ ሥር ቀዳዳ የሚተዉት ለዚህ ነው። ቀዳዳው ሲያንጠባጥብ ግንቡን አበላሸብን ብለው በሲሚንቶ የደፈኑት አይቻለሁ። እባካችሁ አትድፈኑት።

«ሳር እባብ ይጠራል»

እባብን የሚጠራው አይጥ ነው። አይጥን የሚጠራው ደግሞ የተደፋ ፍርፋሪና ከቤት ግድግዳ ጋር የተጠጋ የእንጨት ክምር ነው። ሳር ከበዛ መደበቂያ ይሆናልና በበሩና በመጸዳጃ ቤቱ መንገድ ዳር ማጨዱ ጥሩ ነው። የኛን ሳር በግ የምታረባ ጎረቤታችን አጭዳ ትወስደዋለች።

«አረም ያው አረም ነው»

አይደለም። እንዶድ አጥር ሥር በቅሎ ሲያዩት አረም ይመስላል። አያቶቻችን ግን ልብስ ያጥቡበት ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ለበሽታው መከላከያ የሚሆነውን ምርምር የጀመሩት።

በሌላ በኩል «ተፈጥሮ ነው፣ ተዉት» የማይባልለት አለ። አስተናግር እንደ መለከት ያለ ነጭ አበባው ያምራል፤ ፍሬው ግን መርዝ ነው። ልጆች ባሉበት ግቢ አንድ ቀን ማደር የለበትም። ሁለተኛው ፓርቴኒየም ነው፣ ቅንጬ አረም የሚሉት። ቆዳ ያሳክካል፣ ከብት ከበላው ወተቱ ይመራል፣ አንዷ እግር ብቻዋን በሺዎች የሚቆጠር ዘር ትጥላለች። ሳያብብ፣ እጅን በፌስታል ሸፍኖ ከነሥሩ መንቀል ነው። እኛ ሌላውን ሁሉ ብንተው ይህን አንተውም።

«ግቢያቸውን የሚያሳምሩት ለታይታ ነው»

ይህ ደግሞ የኛ የራሳችን ስህተት ነው። ጽጌረዳውን በመስመር የተከሉት የጎን ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት አሰብ መስመር ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ኮስተር ብለው ስለሚውሉ የኛን ግቢ የሚጸየፉ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጠዋት ሲኮተኩቱ አገኘኋቸውና ሰላም አልኳቸው። «መኪና ላይ እያለሁ ልጆቼ ሲያድጉ አላየሁም፤ አሁን እንኳ የሚያድግ ነገር ልይ ብዬ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ያ ግቢ አያሳቅቀኝም። ለእናቴም የጽጌረዳ ቁራጭ ሰጥተዋት ነበር፤ አንዱ ይዟል፣ ሁለቱ ደርቀዋል።

«እንዲህ ያለ ግቢ ለሰው አይሆንም»

ከላይ ያሉት ጎረቤቶቻችን እናታቸው ሲያርፉ ቅሬው ተሰበሰበ። ቅሬ ማለት ሌላ አገር እድር የሚሉት ነው። ድንኳን የት ይተከል ተባለ። ሲሚንቶው ላይ ካስማ አይገባም፣ ታይልሱም ላይ አይገባም። ሁሉም ዞሮ ወደኛ ግቢ አየ። ድንኳኑ ከኮኩ እስከ አጥሩ ተዘረጋ። ሴቶቹ ከአባቴ ድንጋይ ሦስት ሦስቱን አንስተው ጉልቻ አደረጉት፣ ትልልቅ ብረት ድስት ተጣደ። የቀረው ድንጋይ መቀመጫ ሆነ። ሐጂም እዚያው ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ሾፌሩም። ሦስት ቀን ሙሉ ሳሩ ተረግጦ ከመሬት ተጣበቀ። በሁለት ሳምንቱ ተመልሶ ቆመ።

ዘንድሮ ከሰኔ በፊት ቦዩን እንደገና መጥረግ አለብን፤ ባለፈው ክረምት አፈር ሞልቶታል። የአጥሩም ቆርቆሮ ይቀየራል፣ ብር እየቆጠብን ነው። ድንጋዩን ግን እናቴ ካላለች አናነሳውም።