«ፔንሲዮን ነው ያደርከው?» በጎጃም መንገድ ስለ ርካሽ አልጋ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ስሄድ ደብረ ማርቆስ ላይ አደርኩ። ጠዋት ለአንድ ዘመዴ ደውዬ የት እንዳደርኩ ስነግረው ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ፔንሲዮን? ምነው፣ ገንዘብ አነሰህ እንዴ?» አለኝ።

አልተቀየምኩትም። እኔም ድሮ እንደሱ ነበርኩ። አሁን ግን ደጀን፣ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ እንጅባራ፣ ባሕር ዳር እያልኩ ብዙ አልጋ ላይ ተኝቻለሁ። ውዱንም ርካሹንም አይቻለሁ። ለራሴ ብቻ ከሆነ የማድረው፣ እግሬ በቀጥታ ወደ ርካሹ ነው የሚሄደው። ለዚያ ዘመዴ በስልክ ያልጨረስኩትን ወሬ እዚህ ልጨርሰው። (ከአልጋ በፊት የመንገዱን ሰላም ማጣራት እንዳለባችሁ አልነግራችሁም፤ እሱን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።)

«ውድ ሆቴል ከሆነ እንቅልፉም ይጣፍጣል»

እስቲ ቀኑን በሰዓት እንየው። ከአዲስ አበባ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት አለበት። አርፍዶ የተነሳ ሰው ማርቆስ ሲደርስ ይመሻል። ይታጠባል፣ ይበላል፣ ሦስት ሰዓት ላይ ጋደም ይላል። በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያ መገኘት አለበት። እንግዲህ ክፍሉን የሚያየው ዓይኑን ጨፍኖ ነው።

የከፈለው ግን ለሊፍቱም፣ ለሎቢው ሶፋም፣ ለአዳራሹም፣ ለቁርሱም ነው። ቁርሱማ ጉድ ነው። አንድ ትልቅ ሆቴል ገብቼ «ቁርስ ከዋጋው ጋር ነው» ተባልኩ። ደስ አለኝ። «ከስንት ሰዓት ጀምሮ?» ስል «ከአንድ ሰዓት» አሉኝ። የእኔ መኪና በዚያ ሰዓት ደንበጫን ሊያልፍ ነው። አዝነው ሁለት የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ዳቦ በፌስታል አስያዙኝ። መኪና ውስጥ ተቀምጬ የክፍሉን ዋጋ ከሰፈሩ ፔንሲዮን ዋጋ ጋር ቀናነስኩት። በሕይወቴ እንደዚያ የተወደደ እንቁላል በልቼ አላውቅም።

«በስልክ የተነገረኝ ዋጋ የምከፍለው ዋጋ ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። ትልልቆቹ ዘንድ «ፕላስ ፕላስ» የምትባል ነገር አለች። አንዷ ፕላስ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ፣ ሌላዋ 15 በመቶ ቫት ናት። 1000 ብር የተባለው ክፍል መጀመሪያ 1100 ይሆናል፣ ቫቱ በዚያ ላይ ሲሰላ ደግሞ 1265። ስለዚህ ስትደውሉ «ሁሉም ተካቶ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ፔንሲዮን ብዙ ጊዜ የተባለውን ከፍላችሁ ቁልፋችሁን ትቀበላላችሁ፤ ከቁልፉ ጋር ግማሽ ሶፍትና የክብሪት ቀፎ የምታህል ሳሙና ይሰጣችኋል። ለመሥሪያ ቤት ደረሰኝ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። ፊልድ የሚወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ምክር ከእኔ አይፈልግም። አበሉን ይዞ የት እንደሚያድር ካወቀ ቆይቷል።

«ርካሽ አልጋ ማለት ትኋን ማለት ነው»

ሁሉም የሚፈራው ይሄንን ነው። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። አንድ ሌሊት መብራት አብርቼ ቁጭ ብዬ ያነጋሁበት ርካሽ ቤት አለ፤ ሲነጋ እግሬ ሽፍ ብሎ ነበር። ግን ትኋን ዋጋ አይቶ አይገባም። ቆሻሻም አይበላም፤ ምግቡ ደም ብቻ ነው። ከቦታ ቦታ የሚሄደው በሻንጣና በልብስ ነው። ብዙ እንግዳ ከየአገሩ ሻንጣ እየጎተተ የሚገባበት ትልቅ ሆቴልም ሊያገኘው ይችላል። ሳይበላ ወራት መቆየት ስለሚችል ክፍሉ ባዶ ሆኖ መሰንበቱም ዋስትና አይሆንም።

ስለዚህ ከዋጋው ይልቅ ፍራሹን እዩ። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ የስልኬን መብራት አበራለሁ። አንሶላውን ከራስጌው በኩል እገልጥና የፍራሹን ስፌት ጥግ ጥጉን አያለሁ። የእስክሪብቶ ቀለም ጠብ ጠብ ያለበት የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ካየሁ አመሰግንና እወጣለሁ። የእንጨት አልጋ ከሆነ ስንጥቁንም አያለሁ። ትልቁ ትኋን የምስር ፍሬ ያህላል፣ በዓይን ይታያል። ሻንጣዬንም አልጋ ላይ አላወጣም። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ትኋን ሰላም ይነሳል እንጂ በሽታ እንደሚያስተላልፍ አልተረጋገጠም። ዘሎ እግራችሁን የሚነክሳችሁ ደግሞ ቁንጫ ነው፤ ትኋን አይዘልም፣ ይሄዳል እንጂ።

ሌላም ምልክት አለኝ፤ ይሄ የራሴ ነው። ግቢ ስገባ መጀመሪያ የማየው የልብስ ማስጫ ገመዱን ነው። ነጭ አንሶላ ተደርድሮ ተሰጥቶ ነፋስ ሲያወዛውዘው ካየሁ ልቤ ያርፋል። እዚህ ቤት አንሶላ ይታጠባል ማለት ነው። ትልቁ ሆቴል ውስጥ ገመዱ አይታይም፤ በእምነት ነው የምንተኛው።

ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ከትኋን ይልቅ ትንኟን ፍሩ። የጣና ዳርቻ ወባ አለበት፤ ከክረምት መውጫ ጀምሮ እስከ ኅዳር ድረስ ይብሳል። አጎበር ያለው ርካሽ ክፍል አጎበር ከሌለው ውድ ክፍል ይበልጥብኛል። አጎበሩን ወደ ብርሃን አድርጋችሁ ቀዳዳ እንደሌለው እዩ።

«ክፍሉን ልየው ማለት ነውር ነው»

ነውር የለውም። «አልጋ አለ?» ካላችሁ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ «ላየው እችላለሁ?» ነው። አንሶላው አጠራጥሯችሁ «ይቀየርልኝ» ብትሉም ማንም አይቆጣም። ሎቢው ያማረ ቤት ውስጥ እኮ ነው እንደዚህ ማለት የሚያሳፍረን።

«ያለ ኤሲና ያለ ሙቅ ውሃ አይታደርም»

የዓባይን በረሃ አቋርጦ የመጣ ሰው ሙቀቱ ገና ከላዩ ሳይወርድ ነው ይሄን የሚለው። ደጀን ሲወጣ ንፋሱ ይቀበለዋል። ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ግድም ነው፤ እንጅባራ ደግሞ ከ2500 ሜትር ያልፋል። እዚያ ኤሲ መፈለግ በሐምሌ ጃንጥላ ጥሎ መነጽር መግዛት ነው። የሚያስፈልገው ብርድ ልብስ ነው።

እንጅባራ አንድ ፔንሲዮን ስገባ አልጋው ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ነበር። ይበቃኛል ብዬ በሬን ዘጋሁ። አራት ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። ባለቤቷ ናቸው፤ ነጠላቸውን ተከናንበው ሦስተኛ ብርድ ልብስ ታቅፈዋል።

«እትዬ፣ ሁለት አለኝ እኮ» አልኳቸው።

«የኛን አገር ብርድ አታውቀውም ልጄ። እምቢ ካልክ እግርህ ላይ ጣል አድርገው።»

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስተኛውን እስከ ጆሮዬ ስቤ በሆዴ መረቅኳቸው። ወደ ሪሴፕሽን ደውዬ ያላዘዝኩት ነገር በሰዓቱ ሲመጣልኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ባሕር ዳር 1800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ይሞቃል፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይማ ቀን ቀን ያስቸግራል። ለማታው ግን ቬንቲሌተርና የሚከፈት መስኮት ለእኔ በቂ ነው። ሙቅ ውሃን በተመለከተ፣ መብራት ሲጠፋ የሁሉም ቦይለር አንድ ነው። ጀኔሬተር ያለው ሆቴል ይሻላል፣ ይሄን አልክድም። ግን ፔንሲዮን ውስጥ «የሚሞቅ ውሃ ይኖር ይሆን?» ስትሉ ከሰል ላይ ተሞቆ በባልዲ ይመጣላችኋል። በጣሳ እየቀዱ መታጠብ ያላደገበት ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

«ፔንሲዮን የሚያድር ሰው ስሙ ይጠፋል»

ዘመዴ አፍ አውጥቶ ያልተናገረው ይሄንን ነው። አንዳንድ ቤቶች ለአዳር ሳይሆን ለሰዓት እንደሚከራዩ ሁሉም ያውቃል። እነሱን መለየት ግን ቀላል ነው። ገና ከበሩ «ሾርት ነው አዳር?» ብለው ከጠየቋችሁ፣ ለእናንተ የሚሆን ቤት አይደለምና ወደሚቀጥለው እለፉ። የቤተሰብ የሆነ ፔንሲዮን መታወቂያ ይጠይቃል፣ ስማችሁን መዝገብ ላይ ይጽፋል። ግቢው ውስጥ ልጆች የቤት ሥራ ሲሠሩ ታያላችሁ፣ የባለቤቶቹ ጀበና ይሸታችኋል።

ደግሞስ ጎጃም ላይ ነው እንዴ ቀላል ቤት ማደር የሚያሳፍረው? የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ሲል «ቤት የእግዜር ነው» የሚባልበት አገር እኮ ነው። እግሩን አጥበውት፣ መደብ ላይ ቁርበት አንጥፈውለት ያደረ ሰው ክብሬ ተነካ ሲል አልሰማንም።

«ለዕቃዬ ደህንነት ትልቅ ሆቴል ይሻላል»

ካሜራና ጥበቃ ያለው ሆቴል ጥቅሙ አይካድም። ነገር ግን ስምንት ክፍል ባለው ግቢ ውስጥ ማን እንደገባ ማን እንደወጣ ባለቤቷ በድምፅ ያውቁታል። እኔ የምመረምረው ከውስጥ የሚዘጋው መቀርቀሪያ መሥራቱን፣ መስኮቱ መዘጋቱንና የውጭው በር ማታ በስንት ሰዓት እንደሚቆለፍ ነው። ሌሊት የምትነሱ ከሆነ ዘበኛውን በዋዜማው ንገሩት፤ ሻንጣ ይዞ የተቆለፈ በር ማንኳኳትን አይቼዋለሁ። ብርና ፓስፖርት የትም ቢሆን ከራስ አይለይም።

«ኮከብ ያለው ሆቴል ነው»

ማን ሰጠው? ኮከብ የሚሰጠው ተመርምሮ ነው፤ አገራችን ውስጥ በዓለም አቀፍ መስፈርት መመደብ የተጀመረውም በ2007 ዓ.ም አካባቢ ነው። ምርመራው የሚቆጥረው የአገልግሎቱን ብዛትም ጭምር ነው። እኛ ግን መስታወቱ ያብለጨለጨውን ሁሉ «ባለ አምስት ኮከብ» እንላለን። ኮከብ የሌለው ፔንሲዮን ወድቆ ሳይሆን ፈተናው ላይ ስላልተቀመጠ ሊሆን ይችላል።

«ርካሽ ቦታ ጫጫታ ነው»

መናኸሪያ ሥር ከሆነ አዎ። ረዳቱ ከንጋቱ ጀምሮ «ባሕር ዳር! ባሕር ዳር!» ሲል አልጋችሁ ላይ የቆመ ይመስላል። ሁለት መንገድ ገባ ብላችሁ ፈልጉ። ትልቁ ሆቴልስ? ቅዳሜ ሠርግ ካለበት እስከ ሌሊት ከሙሽሮቹ ጋር ትጨፍራላችሁ፤ ተኝታችሁ። የቅዳሴው ድምፅ ግን ለሁሉም እኩል ነው።

«ርካሽ አልጋ መቼም አይጠፋም»

ይሄኛው የእኛ የርካሽ ወዳጆች ስህተት ነው። ጥር ላይ ይጠፋል። ጥምቀት አለ፤ ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም፤ ጥር 23 ደግሞ እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል። ያን ሰሞን ሳይደውል የሄደ ሰው ዘመድ ፍለጋ ነው የሚገባው፣ ዋጋውም ይጨምራል። ስልካቸውን ያዙ፤ አብዛኞቹ በስልክ ያስቀምጡላችኋል።

«እንግዲያው ሁልጊዜ ርካሹን እንያዝ»

እንዲህም አላልኩም። እኔ የማተርፈውን ብር ባሕር ዳር ስደርስ ለጀልባ አደርገዋለሁ፤ ዘጌ ደርሼ ገዳማቱን አይቼ ቡናዬን ጠጥቼ እመለሳለሁ። ለሽርሽር ብሎ ሐይቁ ዳር ሦስት ቀን ተቀምጦ ውሃውን እያየ የሚያርፍ ሰው ግን ክፍሉ ራሱ ጉዞው ነው፤ ይክፈል። በኢንተርኔት የሚሠራም፣ አራስ የያዘችም እንደዚያው።

እኔም ከፍያለሁ። አባቴን ለሕክምና ስወስዳቸው ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው ቁጢጥ ብለው መነሳት አይችሉም። ፔንሲዮኖቹን ዞሬ አየሁ፤ መጸዳጃቸው የማይሆን ነው፣ ወይም ደረጃ አለው። ስለዚህ ምድር ላይ ክፍል ያለው ትልቅ ሆቴል ያዝኩ። መቀመጫው ምቹ፣ የሚደገፉበት ያለው፣ ውሃው ሙቅ። በደንብ ተኙ። እኔም ብሩ አልቆጨኝም።

ጠዋት ሂሳብ ስከፍል ከጎኔ ቆመው ነበር። ደረሰኙን ከእጄ ወሰዱ፤ መነጽራቸውን አውጥተው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ስንት ሌሊት ነው ያደርነው?»