የደሴ የበጎ ፈቃድ ክለቦች፦ የእሁዱ ስብሰባና የሰፈሩ ሥራ

የበጎ ፈቃድ ክለብ ሰዎች ያለ ደመወዝ፣ ጊዜያቸውንና ጉልበታቸውን አዋጥተው ለሰፈራቸው የሚሠሩበት ስብስብ ነው። ደሴ ላይ ዓይነቱ ብዙ ነው። በትምህርት ቤት ግቢ የሚንቀሳቀስ የቀይ መስቀል ክለብ አለ። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተነሳ አለ። የሰፈር ልጆች ሻይ ቤት ተቀምጠው «ኧረ አንድ ነገር እናድርግ» ብለው የጀመሩትም አለ። አንዳንዱ ማኅተም፣ ደረሰኝና የባንክ ደብተር አለው። አንዳንዱ ያለው አንድ የቴሌግራም ግሩፕና ጥቂት ፈቃደኛ ልጆች ብቻ ነው።

ሰው ከውጭ የሚያየው ሥራውን ነው፤ ቤት ሲጠገን፣ ደም ሲለገስ፣ ችግኝ ሲተከል። ለእኔ ግን ክለቡን አቁሞ የሚይዘው ሳምንታዊ ስብሰባው ነው። ለዘመቻ ብቻ የሚገናኙ ስብስቦች ዘመቻው ሲያልቅ ይበተናሉ። በየሳምንቱ የሚቀመጡት ዓመት ይሻገራሉ፣ ምክንያቱም ባለፈው እሁድ «እሱን ለእኔ ተዉት» ያለ ሰው በዚህ እሁድ ጓደኞቹ ፊት ቁጭ ብሎ አደረግሁት ወይም አላደረግሁትም ማለት አለበት።

ቀኑ በአብዛኛው እሁድ ከሰዓት ነው። ዓርብ ጁምዓ አለ። ሰኞ ገበያ ነው። እሁድ ጠዋት ክርስቲያኑ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ለሁሉም ይመቻል። ኮምቦልቻ ሲወረድ ነገሩ ይለያል። ከተማዋ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ሠራተኛው በሽፍት ነው የሚገባው። የዚህ ሳምንት የቀን ሽፍት በሚቀጥለው ሳምንት የማታ ይሆናል። እዚያ ስብሰባ የሚጠራ ሰው ሁለት የተለያየ የስብሰባ ሰዓት አዘጋጅቶ አባላቱን ከፍሎ ካላገናኘ ግማሹን ሁልጊዜ ያጣዋል።

ቦታው የቀበሌ አዳራሽ፣ የወጣት ማዕከል ወይም ባዶ የመማሪያ ክፍል ነው። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይኖራል፤ ጠንከር ያለው ክለብ ኦዲተርም ይመርጣል። መጀመሪያ ስም ይጠራል። ያረፈደ ይቀጣል፣ የቀረም ይቀጣል፣ ቅጣቱ ትንሽ ብር ቢሆንም ይመዘገባል። ቀጥሎ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበብና የተባለው ሥራ ምን ላይ እንደደረሰ ይጠየቃል። ከዚያ አዲስ ጉዳይ ይመጣል። አንዱ «እኛ ሰፈር አንዲት እናት ጣሪያቸው ወድቋል» ይላል። ጥሩ ክለብ እዚያው ገንዘብ አይመድብም። ሁለት ሰው ይልካል፤ ሄደው ቤቱን ያያሉ፣ ጎረቤት ይጠይቃሉ፣ ልጅ ወይም ዘመድ እንዳላቸው ያጣራሉ፣ ከቀበሌው ጋር ይነጋገራሉ፣ ለሚቀጥለው እሁድ ሪፖርት ያመጣሉ። ይህ ማጣራት የሚሉት ሥራ አሰልቺ ነው፤ ማንም ፎቶ አይነሳበትም። ግን የተረጂ ዝርዝሩ በሐሜትና በትውውቅ እንዳይሞላ የሚያደርገው እሱ ብቻ ነው።

ይህ ሥርዓት ደሴ ላይ አዲስ አይደለም። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን፤ ቅሬ ውስጥ ያደገ ልጅ ስም መጥራቱንም ቅጣቱንም መዋጮውንም ከአባቱ አይቷል። የቅሬ ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ሞት ሲሰማ የሚለፍፍ አለ። ቀብር የቀረ ይቀጣል። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ የጋራ ነው። በብዙ ሰፈር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ቅሬ ውስጥ ናቸው፤ ሙስሊም ሲሞት ክርስቲያኑ እስከ መቃብር ይሸኛል፣ ክርስቲያን ሲሞት ሙስሊሙ ልቅሶ ቤት ተቀምጦ ያጽናናል። የወጣቶቹ ክለብ ይህንኑ ወስዶ ከሞት በፊት ላለው ችግር ማዋሉ ነው። ስለዚህ አዲስ ክለብ የሚያቋቁሙ ልጆች መጀመሪያ የሰፈሩን የቅሬ ዳኛ ቢያነጋግሩ እመክራለሁ። ማን ምን እንደጎደለው ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ሌላው ሥር ከውጭ የመጣ ነው። ሮታሪ የሚባለው ዓለም አቀፍ የበጎ አድራጎት ክለብ በ1905 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ፖል ሃሪስ በሚባል ጠበቃ ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ አባላት በየተራ አንዱ የሌላው ቢሮ እየሄዱ ይሰበሰቡ ነበር። በየሳምንቱ መሰብሰብ ለረጅም ዘመን የሮታሪ ግዴታ ሆኖ ቆየ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ነው ክለቦች በወር ቢያንስ ሁለት ጊዜ ቢገናኙ ይበቃል የተባለው። ላየንስ የሚባለው ተመሳሳይ ክለብ ደግሞ በ1917 እ.ኤ.አ. እዚያው ቺካጎ ተመሠረተ። እነዚህ ድርጅቶች ሩቅ ይመስላሉ እንጂ ሥራቸው ቤታችን ገብቷል። ሮታሪ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፖሊዮን ለማጥፋት ገንዘብና ሰው አሰልፏል። የጤና ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ለሕፃናት ጠብታ የሚሰጡት፣ የልጁን ጣት ቀለም የሚቀቡት፣ በሩ ላይ በጠመኔ የሚጽፉት የዚያ ዘመቻ አካል ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. አፍሪካ ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ ተባለች። ላየንስ ደግሞ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ካቋቋሙት የካርተር ማዕከል ጋር ሆኖ የአማራ ክልልን ትራኮማ ሲታገል ኖሯል። ክልላችን ይህ የዓይን በሽታ በዓለም ላይ እጅግ ከጠናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። መድኃኒቱ አዚትሮማይሲን ነው፤ ሲታደል ሰውን ሚዛን ላይ ማውጣት ሳያስፈልግ ምልክት ባለው እንጨት ቁመቱን ለክተው ነው ስንት እንክብል እንደሚወስድ የሚወስኑት። ክኒኑ ብቻውን ግን አይበቃም። የልጆችን ፊት ማጠብና መጸዳጃ ቤት መቆፈርም የሕክምናው ክፍል ነው፤ የሰፈር ክለብ ሊያግዝ የሚችለው እዚህ ላይ ነው።

ቀይ መስቀልን በተመለከተ ደሴ የራሷ ታሪክ አላት። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው፤ የጣልያን ጦር በደጅ በነበረ ጊዜ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋ ውስጥ ነበሩ። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረው የአሜሪካኖቹ ሆስፒታል ጭምር ተመታ። ዛሬ ያንን ምልክት ደረቱ ላይ አድርጎ የሚሄድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ይህን ማወቅ አለበት ብዬ አስባለሁ። በየትምህርት ቤቱ ክለብም ቢነገር ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ሥራው። ብዙ ጉልበት የሚበላው የአቅመ ደካሞች ቤት ጥገና ነው። የክረምት በጎ ፈቃድ ዘመቻ በሰኔና በሐምሌ ስለሚታወጅ ጥገናውም ክረምት ላይ ይወድቃል። እዚህ ላይ አልስማማም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ፋታ የለውም፣ ጉሙም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። የጭቃ ቤት ምርጊት ከጭድ ጋር ተቦክቶ ሲለጠፍ ፀሐይ ይፈልጋል። በሐምሌ የተመረገ ግድግዳ ሳይደርቅ ይከርምና ይረግፋል። ምርጊቱን በሚያዝያና በግንቦት መጨረስ፣ ለክረምት የቆርቆሮ ቅያሪና የውስጥ ሥራ ብቻ መተው ይሻላል። እቅዱ ግን መጋቢት ላይ መውጣት አለበት፣ ይህም የሚሆነው በመጋቢትም እየተሰበሰበ ላለ ክለብ ነው።

ከዝናቡ በፊት ሌላም የማይቀር ሥራ አለ። ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ መሬቱ ይንሸራተታል። ቦይ በፕላስቲክና በአፈር ከተደፈነ ውሃው መንገዱን ትቶ ሰው ግቢ ይገባል፣ የአፈሩን ሥር ይበላል። የቦይ ጠረጋ በግንቦት የሚሠራ ክለብ በነሐሴ ስንት ቤት እንዳዳነ አይታይለትም። ችግኝም እንዲሁ ነው፣ መትከሉ የአንድ ቀን ነው። በጥቅምት ሄዶ ማረምና ከከብት መጠበቅ የሚችል ከሌለ ባይተከል ይሻላል። ኮምቦልቻ ከደሴ ብዙ ዝቅ ብላ ሞቅ ያለች ስለሆነች ወባ አለባት። እዚያ ክለቦቹ ከክረምት ማግስት፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ያቆረ ውሃ ማፋሰስና የአጎበር አጠቃቀም ማስረዳት ላይ ቢያተኩሩ ትርፉ ትልቅ ነው።

ደም ልገሳ ደግሞ በጥቂት ወጪ ብዙ ሕይወት የሚያድን ሥራ ነው። ደሴ የደም ባንክ አላት። ጤነኛ የሆነ፣ ከ18 እስከ 65 ዓመት ያለ፣ ቢያንስ 45 ኪሎ የሚመዝን ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል። የተቀዳው ደም በማቀዝቀዣ 35 ቀን ገደማ ነው የሚቆየው። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ መቶ ሰው አሰልፎ መስጠት ጥሩ ቢሆንም፣ በየወሩ ጥቂት ሰው እየተፈራረቀ ቢሰጥ ይበልጣል፤ በወሊድ ደም የሚፈሳት እናት የዘመቻውን ቀን አትጠብቅም። በረመዳንና በዐቢይ ጾም ለጋሽ ይቀንሳል፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋም የተማሪው ለጋሽ አብሮ ይጠፋል። ክለቡ የአባላቱን ተራ አስቀድሞ በመዝገብ ቢያወጣ ይህን ክፍተት ይሞላል።

በዓል ሲመጣ ማዕድ ማጋራት አለ፤ ለፋሲካና ለገና፣ ለዒድና ለረመዳን ኢፍጣር። ወሎ ውስጥ የክርስቲያን ልጆች ኢፍጣር ሲያሰናዱ፣ የሙስሊም ልጆች የፋሲካውን ዘይትና ዱቄት ሲያከፋፍሉ ማየት ብርቅ አይደለም። እኔን የሚያሳዝነኝ ፎቶው ነው። አንዲት አሮጊት አምስት ሊትር ዘይት ተሸክመው፣ ከግራ ከቀኝ ልጆች ቆመው፣ ፊታቸው በግልጽ እየታየ ይለቀቃል። እኒያ ሴት ነገ ገበያ መውጣት አለባቸው። የገንዘብ ሰጪውን እምነት ለመጠበቅ ደረሰኙ፣ የተጠገነው ጣሪያና የእቃው ክምር ፎቶ ይበቃል። የሰው ገመና መሸፈን በእኛ አገር የታወቀ ነው፤ በደንቡ ውስጥ ቢጻፍ ደግሞ ማንም ረስቼው ነው አይልም።

ክለቦቹ የምር የተፈተኑት በ2013 ክረምትና በ2014 መጀመሪያ ነው። ከሰሜን በጦርነቱ የተፈናቀለ ሕዝብ ደሴ ሲገባ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። የከተማው ሰው ከቤቱ ብርድ ልብስ አወጣ፣ እንጀራ ጋግሮ ወሰደ። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ማን ምን እንዳመጣ የሚመዘግብ፣ ለየትኛው ክፍል ስንት እንጀራ እንደሚገባ የሚያውቅ፣ የሕፃን ወተት ለይቶ የሚያስቀምጥ ያስፈልጋል፤ በየሳምንቱ ተሰብስቦ መዝገብ መያዝ የለመደ ልጅ ይህን ሳይነግሩት ያውቃል። በጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ራሱ ከተማዋ ገባ፣ ኮምቦልቻም አብራ ተያዘች፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ። ሆስፒታሉ ተዘረፈ። አባላት ተበተኑ፣ ስብሰባ ቀረ።

ገንዘቡ በአብዛኛው ከወርሃዊ መዋጮ፣ ከነጋዴዎች እርዳታና ውጭ አገር ካሉ የደሴ ልጆች ይመጣል። በአንድ ሰው ስም የባንክ ሒሳብ መክፈት ልማድ ሆኗል፤ ቀላል ቢመስልም አይበጅም። ሁለት ወይም ሦስት ፈራሚ ያስፈልጋል። በ2011 የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 መደራጀትን ከቀድሞው ሕግ ይልቅ አቅልሎታል። በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራ ማኅበር የሚመዘገበው ግን በክልሉ ነው። መመዝገብ ካልተቻለ በቀይ መስቀል ቅርንጫፍ ወይም በትምህርት ቤት ሥር ሆኖ መሥራትም ያስኬዳል።

አዲስ አባል መጀመሪያ እንግዳ ሆኖ ይቀመጣል፣ ሥራ ላይ አብሮ ይወጣል፣ ከዚያ ይመዘገባል። ከባዱ የሚሄደው ነው። የወሎ ወጣት አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ዓረብ አገር ይሄዳል፣ ዩኒቨርሲቲ ይደርሰዋል፤ ክለቡ በየዓመቱ ጥሩ ጥሩ ልጆቹን ያጣል። በዚህ ምክንያት ጸሐፊነትና ገንዘብ ያዥነት ላይ ምክትል መመደብ ግድ ነው። የሚሄደው ልጅ መዝገቡን፣ የተረጂዎቹን ዝርዝርና የባንክ ፊርማውን በስብሰባ ላይ፣ ሁሉም እያየ፣ ለተተኪው ያስረክባል፤ ርክክቡም በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል።